ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፦ የጎንደር ደጋ ልጆች ሥራና ያልደረሰባቸው ሕግ

 

በምሳሌ ልጀምር። ከደባርቅ ገጠር የወጡ አራት የአጎትና የአክስት ልጆች አሉ እንበል። የመጀመሪያው የ13 ዓመት ልጅ ነው፤ ጎንደር ከተማ ዘመድ ቤት ተጠግቶ በፈረቃ ይማራል፤ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ላይ ጫማ ይጠርጋል። ሁለተኛውም 13 ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት መልስ አንድ ሱቅ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ያህል ዕቃ ይደረድራል፣ ባለሱቁም በወር ትንሽ ነገር ይሰጠዋል። ሦስተኛዋ እኩያቸው ናት፤ ሰው ቤት ተቀጥራ ከንጋት እስከ ውድቅት ትሠራለች። አራተኛው 14 ዓመቱ ነው፤ መስከረም ሲጠባ ወደ መተማ ወርዶ ሰሊጥ ያጭዳል።

አሁን ሕጉን እንጠይቀው። ጫማ ጠራጊው አሠሪ ስለሌለው በሥራ ሕጉ ዓይን የለም። የቤት ሠራተኛዋ ጉዳይ «በደንብ ይወሰናል» ተብሎ ተላልፏል። ሰሊጥ አጫጁ በሕግ ክልክል ነው፤ ነገር ግን ከእርሻው ዳር ቆሞ ዕድሜውን የሚጠይቅ የለም። ሕጉ በቀላሉ ሊይዘውና ሊቀጣው የሚችለው ማንን ነው? ያንን በቀን ሁለት ሰዓት ዕቃ የሚያስደረድረውን ባለሱቅ ነው። ከአራቱ ሥራዎች ቀላሉን፣ ለትምህርትም የሚመቸውን ያዘ፤ ከባዶቹን ለቀቀ።

እዚህ እንዴት ደረስን? መልሱ ታሪክ ውስጥ ነው።

፩. ያልተጻፈው ሕግ

በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ በዳባት፣ በደባርቅ፣ በጃናሞራ፣ በበየዳ፣ ልጅ የማይሠራበት ዘመን አልነበረም። ሥራው ግን እንደ ዕድሜው ተሰፍሮ ነበር የሚሰጠው። ትንሹ ከተሰጣ እህል ላይ ዶሮ ያባርራል። ጥቂት ከፍ ሲል ጥጃና ግልገል ይጠብቃል። ከዚያ በግና ፍየል፣ ከዚያም ከብት ይከተላል። ሞፈር የሚጨብጠው ክንዱ ሲጠና ነው። ሴት ልጅ በበኩሏ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨትና ኩበት ትለቅማለች፣ ታናሿን ታዝላለች፣ እያደገች ስትሄድም ምጣድ ፊት ትቀመጣለች። ይህን ደረጃ በወረቀት የጻፈው የለም። ሆኖም ጥጃ ጠባቂ ልጁን ለእርሻ ያሰለፈ አባት በጎረቤት ዘንድ መነቀፉ አይቀርም ነበር።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ልጅን ለማሳነስ ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። ልጅ ያቡካ፤ ማቡካትም ይልመድ፤ ቤቱ ግን ራቱን በእሱ ላይ አይጣል ማለትም ነው። የልጅ ሥራ ለልጁ መልመጃ እንጂ የቤቱ ምሰሶ መሆን የለበትም። ከዚህ የተሻለ የሥራ ሕግ መርሕ አሁንም አላየሁም።

የደጋው ልማድ ለልጅ ሥራ የቀን መቁጠሪያም ነበረው። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲደርስ እረኛው ጅራፉን ያጮኻል፣ በየደጁ ሆያ ሆዬ ይላል፣ ሙልሙሉን ይቀበላል። በዓሉ የደብረ ታቦር መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ለእረኛው ልጅ ዓመቱን ሙሉ በዝናብና በቁር ለዋለበት ድካም መንደሩ «አይተንሃል» የሚልበት ቀን ነው። ሥራውም፣ ውለታውም፣ መብቱም በአደባባይ ይታወቅ ነበር።

ነገር ግን ያለፈውን ዘመን በማር አንቀባው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ወላጅና ዘመድ ላለው ልጅ ነበር። የድሀ ልጅ ወይም እናት አባት የሞቱበት ልጅ ለተሻለ ገበሬ በዓመት ይቀጠራል። ዋጋው እህል ወይም ልብስ ወይም አንድ በግ ነው፤ ያንንም አባት ወይም አሳዳሪ ይቀበለዋል። የተቀጠረ እረኛ በረት አጠገብ ያድራል፤ ጅብ ወይም ሌባ የወሰደው ከብት በእሱ ይመካኛል። ስለ እሱ የሚመሰክርለት ጎረቤት የለም፤ ጎረቤቶቹ የአሠሪው ጎረቤቶች ናቸውና። ሴት ልጅም ብትሆን ሥራዋ እንደ ዕድሜዋ ይሰፈር እንጂ በልጅነቷ ስትዳር መስፈሪያው ይሰበራል፤ በአንድ ቀን ከልጅ ሥራ ወደ እመቤት ሥራ ትዛወራለች። ያልተጻፈው ሕግ ዋናው ዳኛ ዘመድ ነበር። ዘመድ የሌለው ልጅ ዳኛም አልነበረውም።

፪. የየኔታ ጎጆ

ጎንደር ልጆች እየሠሩ የሚማሩባት አገር መሆኗን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1628 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ፋሲለደስ ከተማዋን ከቆረቆሩ በኋላ አብያተ ክርስቲያናቱ የትምህርት ማዕከል ሆኑ፤ በተለይ የጎንደር አቋቋም ስሙ የታወቀ ነው። ወደዚያ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ብዙ ጊዜ ገና ልጅ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል። ለየኔታ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሰብራል። ቀን ፊደሉን፣ ማታ የቃል ትምህርቱን ይቀጥላል።

ይህ ሥርዓት ከባድ ነበር። ረሀብ፣ የውሻ ንክሻና የወረርሽኝ በሽታ ስንቱን በመንገድ አስቀርተዋል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የልጁ ድካም በትምህርቱ ዙሪያ ነው የተሠራው። ለመማር ይለምናል፣ ለመማር ያገለግላል፤ መንደሩም ቁራሽ የሚሰጠው ተማሪ ስለሆነ ነው። ትምህርቱን ትቶ ልመናውን ብቻ የያዘ ልጅ ያን ክብር ያጣል።

የእጅ ሙያውም እንዲሁ ነበር። በ1660 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ውሳኔ ሙስሊሞች ለብቻ እንዲሰፍሩ ከተደረገ በኋላ፣ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ሰፈር በንግድና በሽመና ታወቀ። በወለቃና በሌሎች መንደሮች ቤተ እስራኤላውያን ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሸክላ ይሠራሉ። የሸማኔ ልጅ ድር ሲያደራ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ወናፍ ሲነፋ ያድጋል። ደመወዝ የለም፤ መጨረሻው ግን ሙያ ነው። ልጁ ያባከነው ጊዜ ቆይቶ እንጀራ ሆኖ ይመለስለታል። ኅብረተሰቡ ባለሙያውን «ጠይብ» እያለ መናቁና ልጁም ያን ንቀት መውረሱ ግን የማንክደው ነውር ነው።

፫. ለማያውቁት ሰው መሥራት

ጣሊያን ከ1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደርን ሲይዝ ከሕንፃዎቹ ጋር ሁለት ቃላት ትቶልን ሄደ፦ ፒያሳና ሊስትሮ። ሊስትሮ የሚለው ቃል አመጣጡ ከጣሊያንኛ ነው። ከቃሉ ጋር አዲስ ነገር መጣ፤ ልጅ ለማያውቀው ሰው፣ በጥሬ ገንዘብ፣ ዘመድ በሌለበት አደባባይ መሥራት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሱቅ በደረቴው፣ ቆሎና ሶፍት ሻጩ፣ የታክሲ ረዳቱ ተከተሉ። በ1962 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋም፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ እረኛው ልጅም ለቱሪስት የሱፍ ኮፍያና የእጅ ሥራ መሸጥ ተማረ። ቱሪስት ሲመጣ ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ ታየ፤ ቱሪስት ሲቀር ደግሞ ያ ገንዘብ ይቀራል።

ከሁሉ የከበደው ግን ቆላ መውረድ ነው።

በ1960ዎቹ በሑመራ ሰፋፊ የሰሊጥና የጥጥ እርሻዎች ሲስፋፉ፣ ኋላም በመተማ፣ የደጋው ጉልበት ወደ ቆላ መፍሰስ ጀመረ። ሰሊጥ ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። ሲደርስ ፈጥኖ ካልታጨደ ፍሬው ከነቢስ ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ባለእርሻው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጅግ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። እንዲህ ሲጣደፍ ዕድሜ የሚጠይቅ ማን ነው? አጨዳው የሚደርሰው ደግሞ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ልክ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሰሞን። በደጋው ያለ መምህር መስከረም ላይ ባዶ ወንበር ሲያይ ልጁ የት እንደሄደ ያውቃል።

ቆላ የሚወርደው ልጅ ወባን ይፈራል። ከወባ በላይ የሚያስፈራው ግን ካላዛር ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጠቀ የዋልካ አፈርና በግራር ሥር ትኖራለች፤ ቀን ሠራተኛው ደግሞ ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ሥር ያድራል። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይከሳል፤ ካልታከመ ይገድላል። የደጋ ሰው ለበሽታው ያልተለማመደ ስለሆነ ይበረታበታል። በ1997 ዓ.ም. በሽታው በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረርሽኝ ሆኖ ሲነሳ፣ ከቆላ እርሻ ከሚመለሱ ሠራተኞች ጋር መምጣቱ በብዙ ባለሙያዎች ይታመናል። ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለ። ወደዚያ ከሚመጡት ብዙዎቹ ወጣት ወንዶች፣ ቆላ ወርደው የተመለሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ያልተጻፈው ሕግ ሙሉ በሙሉ ፈረሰ። እንደ ዕድሜ መስፈር ቀረ፤ ሁሉም እኩል ማጭድ ይይዛል። ዘመድ ዳኛ ቀረ። ትምህርት ቀረ። ሙያም የለም፤ የዘንድሮው አጫጅ የከርሞ አጫጅ ነው። ልጅ ያቦካው ለራት በቃ፤ እንዲያውም የቤቱ ራት እሱ ብቻ ሆነ።

፬. የተጻፈው ሕግ

የተጻፈውስ ሕግ ይህን ጊዜ ምን ይሠራ ነበር?

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ከዓለም ሥራ ድርጅት ጋርም ተሳሰረች። ድርጅቱ ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ዋሽንግተን ላይ ባደረገው የመጀመሪያ ጉባኤ፣ በኢንዱስትሪ ሥራ ዝቅተኛው ዕድሜ 14 እንዲሆን ወስኖ ነበር። በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአሠሪው ቤት ለሚያድር ሠራተኛ አሠሪው ጤናውንና ሥነ ምግባሩን እንዲጠብቅለት አዘዘ። መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን የቤቱን በር አንኳኩቶ የሚያይ አልነበረም።

በ1968 ዓ.ም. የደርጉ የሥራ አዋጅ ቁጥር 64 ዝቅተኛውን ዕድሜ 14 አደረገ። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ተቀበለች። የ1985ቱ አዋጅ ቁጥር 42ም፣ የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377ም በ14 ጸኑ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃን ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቅ፣ ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ደነገገ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ዕድሜውን ወደ 15 ከፍ አደረገው። ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም፤ ትርፍ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍትና የሕዝብ በዓል ላይም አይሠራም።

በወረቀት ሲታይ ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ ያለው የሕጉ ዓይን የት እንደተተከለ ላይ ነው። ይህ ሕግ የተጻፈው በር ላለው፣ ሰዓት መቆጣጠሪያ ላለው፣ የደመወዝ መዝገብ ላለው ድርጅት ነው። የሰሜን ጎንደር ልጅ የሚሠራው ግን ተራራ ላይ፣ ጓዳ ውስጥ፣ መንገድ ዳርና ሰሊጥ ማሳ ውስጥ ነው። በ2007 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በሕፃናት የጉልበት ሥራ ላይ ያሉት 16 ሚሊዮን ገደማ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በግብርናው ዘርፍ ናቸው። ሕጉ ግን ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

የቤት ሠራተኛዋን ነገር እንመልከት። የ1996ቱ አዋጅ የእሷ ዓይነት ሥራ የሚመራበትን ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣል አለ። የ2011ዱ አዋጅም ያንኑ ቃል ደገመው። አንድ ተስፋ ሁለት ጊዜ የሚሰጠው የመጀመሪያው ስላልተፈጸመ ነው። ያኔ 13 ዓመቷ የነበረች ልጅ ሁለተኛው ተስፋ ሲሰጥ 28 ሆናለች።

፭. የሌላው አገር መንገድ

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1833 የፋብሪካ ሕግ ስታወጣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይሠራ ከለከለች፤ ከዚያ ከፍ ያሉትን በሰዓት ገደበች፤ ትንንሾቹም በየቀኑ ሁለት ሰዓት እንዲማሩ አዘዘች። ይህን የሚያዩ አራት ተቆጣጣሪዎችም ሾመች። እ.ኤ.አ. በ1844 ደግሞ ልጆች ግማሽ ቀን ሠርተው ግማሽ ቀን እንዲማሩ ተደረገ። ይህም ቢሆን ንጹሕ መፍትሔ አልነበረም፤ ግማሽ ቀን ማሽን ሥር የዋለ ልጅ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋ ነበር። ሥርዓቱን ለማስቀረት ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ ልጅን ከሥራ ያወጣው የዕድሜ ቁጥር ብቻውን አይደለም። ቁጥሩ ከትምህርት ቤት መዝገብና ከተቆጣጣሪ እግር ጋር ሲታሰር ነው የሠራው።

ኢትዮጵያ በግንቦት 1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 138ም ይህን ያውቃል። አንቀጽ 7 ላይ፣ ጤናን የማይጎዳና ትምህርትን የማያደናቅፍ ቀላል ሥራ ከ13 እስከ 15 ዓመት ላለ ልጅ በሕግ ሊፈቀድ እንደሚችል፣ ዝቅተኛውን ዕድሜ 14 ላደረገ አገር ደግሞ ከ12 እስከ 14 እንደሚቻል ይናገራል። ሲፈቀድ ግን የሥራው ዓይነትና ሰዓቱ ተወስኖ ነው። የእኛ አዋጅ ይህን በር አልከፈተም። ከ15 በታች ክልክል ነው ብሎ ዘጋ። ክልከላው ጥብቅ ስለሆነ ልጁ የተጠበቀ ይመስለናል። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው፤ ክልክል የሆነ ልጅ የሰዓት ገደብ የለውም፣ ውል የለውም፣ ደመወዙ ቢቀር የሚከስበት ቦታ የለውም። «አንተ እዚህ የለህም» ተብሏልና።

፮. አሁን ለምን ይነሳል?

«ትምህርት ሳይኖር ስለ ልጅ ትርፍ ሰዓት ሥራ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?» የሚለኝ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተቀሰቀሰው ግጭት ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ከዚያ በፊትም የሰሜኑ ጦርነት ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ደርሶ ነበር። ነገሩን አንገብጋቢ የሚያደርገው ግን ይኸው ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራ «ትርፍ» የሚባለው ዋናው ሰዓት ሲኖር ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ዋናው ሰዓት ይጠፋና ሥራው ሙሉ ቀኑን ይወርሰዋል። ለሁለት ሰዓት ሱቅ የገባው ልጅ ቀኑን ሙሉ ይውላል፤ ለአንድ ክረምት ቆላ የወረደው ልጅ ሳይመለስ ይቀራል። አንድ ዓመት ሠርቶ ለቤቱ ገንዘብ ማምጣት የለመደን ልጅ ትምህርት ቤት ስለተከፈተ ብቻ «ና ተመለስ» ማለት ቀላል አይደለም። ቤቱ ራቱን በእሱ ላይ ጥሏልና።

«ሥራ ልጅን ያርማል፤ እኛም እየሠራን ነው ያደግነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ብዙዎቻችን እየሠራን አድገናል። ነገር ግን ይህን የምንለው የተረፍነው ነን። በካላዛር የሞተው፣ ሰው ጓዳ ውስጥ የቀረችው፣ ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆመው ልጅ እዚህ ገብቶ አስተያየት አይጽፍም።

፯. ምን ይደረግ?

አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። የደጋው ልማድ ከነጉድለቱ ያወቀውን፣ ዓለምም ዘግይቶ የጻፈውን ማገናኘት ይበቃል።

አንደኛ፣ ለ13 እና ለ14 ዓመት ልጆች ቀላል ሥራ በሕግ ይታወቅ። ዓይነቱ ይዘርዘር፣ በቀን ከሁለት ሰዓት እንዳያልፍ ይወሰን፣ ልጁ እየተማረ መሆኑን ትምህርት ቤቱ ያረጋግጥ። የየኔታ ጎጆ ያስተማረን ይህንን ነው፤ ድካሙ በትምህርቱ ዙሪያ ይሁን።

ሁለተኛ፣ የቤት ሠራተኞች ደንብ ይውጣ። ሁለት ጊዜ ቃል የተገባለት ነው፤ ሦስተኛ ተስፋ አያስፈልግም። ቀበሌው ሰው ቤት ያለችን ልጅ ቢያንስ በስም ያውቃት፤ የማታ ትምህርት መሄዷን የሚጠይቅ ይኑር።

ሦስተኛ፣ የቆላው መንገድ ላይ ይቆም። ለሰሊጥ የሚወርደው ሰው በጥቂት መንገዶች ነው የሚያልፈው። ሰላም ሲሆን ከእርሻው ይልቅ መናኸሪያው ላይ ዕድሜ መጠየቅ ይቀላል። ለአዋቂው ሠራተኛ ደግሞ አጎበርና የካላዛር ምርመራ እዚያው ይቅረብ።

አራተኛ፣ ወላጁ ሳይደገፍ ልጁ ብቻ አይከልከል። ድሀ ቤት ውስጥ የልጅን ገቢ ያለምትክ መከልከል ልጁን ከሚታይ ሥራ አውጥቶ ወደማይታይ ሥራ መግፋት ነው።

ወደ አራቱ ልጆች ልመለስ። ባለሱቁ ሕጉን ፈርቶ ያን ልጅ ቢያሰናብተው ልጁ ወደ ቤቱ ሄዶ መጽሐፉን የሚከፍት ይመስላችኋል? የደብተሩን ገንዘብ ሌላ ቦታ ሊፈልግ ይወጣል። መጀመሪያ ፒያሳ፣ ከአጎቱ ልጅ አጠገብ ሣጥን ይዞ ይቀመጣል። እዚያም ካልበቃው፣ መስከረም ሲጠባ የመተማ አውቶቡስ ይጠብቀዋል።

አያቶቻችን ጥጃ ጠባቂውን ለሞፈር አልሰጡም። እኛ አዋጅ እያለን ለማጭድ ሰጠነው።

ሐሳባችሁን ጻፉልኝ፤ በተለይ በደጋው የምታስተምሩ መምህራን። ሰላም ሁኑ።